አሥራ ሁለት መስመር በቆሎ

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ ሥራዬ ገበሬ መለካት ነበር። ገበሬውን ራሱን ማለቴ አይደለም፤ ካስተማርነው ውስጥ ምን ያህሉን እርሻው ላይ እንዳዋለ መለካት ነው። ምርጥ ዘር ተጠቅሟል? ማዳበሪያ ጨምሯል? በቆሎውን በመስመር ዘርቷል ወይስ እንደ ድሮው በትኗል? ቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ሳጥን አለ፤ «ተቀብሏል» እና «አልተቀበለም»። ሌላ ሳጥን የለም። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ሌላ ያስፈልጋል ብዬ አላስብም ነበር።

ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ከተማው ውስጥ የማውቀው አንድ ሰው አልነበረኝም። አዲስ ከተማ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ እሑድን እንዴት እንደምገፋው እኔ ነኝ የማውቀው። ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፤ ሰው ከወዳጁ ጋር ሲሳሳቅ አያለሁ፤ ይብስብኛል፤ እመለሳለሁ። መሥሪያ ቤትም ቢሆን ዘመኑ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ የሚያበዙበት አልነበረም። ብቸኝነቱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ይናፍቀኛል። ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍሬ፣ ሜትሬንና ቅጼን ይዤ፣ አንድ ሽማግሌ የሲዳማ ገበሬ ደጃፍ እወርዳለሁ። የእሳቸው አማርኛ ጥቂት ነው፤ የእኔ ሲዳምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ግን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ና ግባ፣ ልጄ!» ይሉኛል። ቆጮ በቅቤ በእንሰት ቅጠል ይቀርብልኛል። ሰዓቴን ካየሁ ይስቁብኛል። «አውቶቡስ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። አንተ ብላ።» በሳምንት ውስጥ ጠግቤ የምበላው ያን ቀን ብቻ ነበር።

አንድ ክረምት ማሳቸው በመስመር ተዘርቶ አገኘሁት። ገመድ ተወጥሮ የተዘራ ነው፣ ያስታውቃል። ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁ፤ ልክክ ያለ። ደስ ብሎኝ «ተቀብሏል» ላይ ምልክት ላደርግ ስል እስቲ ወደ ውስጥ ልዝለቅ አልኩ። ከመንገዱ ዳር አሥራ ሁለት መስመር፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ በሙሉ እንደ ድሮው የተበተነበት። ደሜ ፈላ። ከሰው ሁሉ እሳቸው? አንድ ቃል ሳልጠይቅ «አልተቀበለም» ላይ ምልክት አደረግኩና ከጎኑ «ለማታለል ሞክሯል» ብዬ ጻፍኩ። ግባ ሲሉኝ «አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብዬ ሄድኩ።

ቅጹ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ተመለሰ። በስብሰባ ላይ አስቁመዋቸው የጻፍኩትን አነበቡባቸው። ለእኔ ከሰብሳቢው ጎን ወንበር ተሰጥቶኛል።

«መንግሥትን ለምን ታታልላለህ?» አላቸው ሰብሳቢው።

ሽማግሌው ወደ እኔ እያዩ መለሱ። «መንግሥት አላታለልኩም። አምና ይሄ ልጅ ቤቴ ቁጭ ብሎ አዘነ። በመስመር የዘራ አንድ ሰው አጣሁ፣ አለቃዬ ይቆጣኛል አለ። ለእሱ ብዬ ዘራሁ። የቀረው የልጆቼ ምግብ ነው፤ በእሱ አልሞክርም።»

እውነት ነበር። ብያለሁ፤ እንዲያውም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያች ሰዓት ተነሥቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። የሚቀጥለው ዓመት ምርጥ ዘር እንዳይሰጣቸው ሲወሰንም ጫማዬን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ደጃፋቸውን ሳልረግጥ ከርሜ በዓመቱ ተመልሼ ስሄድ ማሳው ከዳር እስከ ዳር በመስመር ተዘርቷል፤ በራሳቸው ዘር። ሽማግሌው የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ፤ አብረን ለካን። «ተቀብሏል» ላይ ምልክት አደረግኩ። ቅጹን ቀስ ብዬ አጠፍኩ፤ ሜትሩን ቀስ ብዬ ጠቀለልኩ። የቤቱ በር ክፍት ነው፤ የቅቤው ሽታ እስከ ውጭ ይመጣል።

«አባባ፣ ያን ጊዜ እኔ...» አልኩ።

«ሂድ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «አውቶቡስ እንዳያመልጥህ።»

መንገድ ዳር ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ። በሦስተኛው ሄድኩ።