በግራ የተፈተለው ክር

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ዛሬም ክር ጣቴ ላይ ሲጠመጠም ያ ሰሞን ትዝ ይለኝና ሰውነቴን አንዳች ነገር ይወረዋል።

እናቴ የሳንባ ነቀርሳ ነበረባት። ሲሻላት፣ ሲያገረሽባት ዓመታት ካለፉ በኋላ አዲስ አበባ ወዳለ የሳንባ በሽተኞች ሆስፒታል ተላከች። ለጥቂት ወር የተባለው ሁለት ዓመት አለፈው። አባቴ የኦቾሎ ሰው፣ ሸማኔ ነው። ሄዶ ሊጠይቃት ቢፈልግ ቀበሌ የይለፍ ወረቀቱን ዛሬ ነገ እያለ አንገላታው። ደብዳቤ እንዳይጻጻፉ ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም።

ስለዚህ የሚነጋገሩት በጥጥ ነበር። ሽኩር የሚባል ነጋዴ ጎረቤታችን ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ አባቴ ባዘቶ ይልክላታል፤ እሷም አልጋዋ ላይ ሆና ትፈትልና ልቃቂቱን ትመልስለታለች። አባቴ ክሩን በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ ስለ ጤናዋ ይነግረን ነበር። "ቀጭን ነው፤ እህል በልታለች።" "እዚህ ጋ ተበጣጥሷል፤ ትኩሳት ነበራት።" እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን አይቀልድም። በዚያው ክር፣ ስትመለስ የምትለብሰውን ጋቢ ይሠራላት ነበር።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይመጣ ቀረ። በመጨረሻ ሽኩር አንዲት ትንሽ ልቃቂት ይዞ መጣ። አባቴ ክሩን አሸው። ደግሞ አሸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"የማን ነው ይሄ?"

"የሷ ነዋ! የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው የሰጠኝ።"

"በዓይንህ አይተሃታል?"

"ኧረ ወንድሜ፣ እኔ መች ከበር አልፌ አውቃለሁ?"

ክሩ የከረረው እንደ ሌላው ፈትል ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነበር። አባቴ በዕድሜው እንዲህ ያለ ፈትል አይቶ አያውቅም። እናቱ ግን፣ ሙታን የሚፈትሉት በተገላቢጦሽ ነው ትለው ነበር። ወንጌል ካመነ ብዙ ጊዜው ስለሆነ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ይቆጣል። የዚያን ቀን ግን አልተቆጣም።

ልቃቂቱን ቤት አላስገባም አለ። ጫፉን ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ላይ አስሮ አንጠለጠለው። ቀትር ላይ፣ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ልቃቂቱ ብቻውን ቀስ እያለ ይዞራል። ይቆምና ደግሞ መልሶ ይዞራል። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ፈርቼ ውሃ ለመቅዳት በጎረቤት ግቢ እወጣ ነበር።

ሌላም ልቃቂት መጣ። ያም በግራ የተፈተለ ነው። አባቴ ጋቢውን ከነጅምሩ ጠቅልሎ አስቀመጠው። አብራን የምትኖረው አክስቴ ደረቷን መታች። መርዶ ሳይመጣ፣ በክር ለቅሶ ተቀመጥን።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሰው ሸማ ይሠራል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ቀና ሲል በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ስትናገር ድምፅ የላትም፣ ትንፋሽ ብቻ። እናቴ ናት! ሮጬ ልጠመጠምባት ስል አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"እውነት አንቺ ከሆንሽ ፍተይ" አላት።

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እንዝርቱን ከነባዘቶው ስሰጣት በግራ እጇ ተቀበለችኝ። በግራ ጭኗ ላይ አሾረችው። አባቴ "ጌታ ሆይ!" አለ፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ምን ሆናችኋል?" አለች በዚያ ትንፋሿ። ነጠላዋን ገለጠችው። ሐኪሞች ለሳንባዋ ሲሉ ቀኝ ጎኗን ቀደው የጎን አጥንት አውጥተውላት ኖሮ ቀኝ እጇ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ድምጿንም ሕመሙ ዘግቶታል።

"ክር ከቀረባችሁ ሞታለች ብላችሁ ታለቅሳላችሁ ብዬ፣ ይቺን ሰነፏን አስተማርኳት" አለች ግራ እጇን እያሳየችን።

አባቴ ከጉድጓዱ ወጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። የሆነውን ሁሉ ስንነግራት "በቁሜ ለቅሶ ተቀመጣችሁልኝ?" ብላ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። አባቴ ጋቢውን ከዛፉ ባወረደው ክር ጨረሰው። የቀኙና የግራው ክር የተገናኙበት ቦታ ላይ ሸማው ይሸበሸባል፤ ቢታጠብም አይለቅም። ጋቢው ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። እዚያ ቦታ ላይ እጄን ሳሳርፍ አሁን ፍርሃት የለብኝም፤ ይቆጨኛል እንጂ። እሷ አለሁ ልትለን ግራ እጇን እንደ ሕፃን ከሀ ሁ ስታስተምር፣ እኛ እዚህ እያለቀስንላት ነበር።