ሳያስታጉሉ ይወጉ

በሁዳዴ አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው ከደምበጫ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡ። ልብሳቸው በላብ ርሷል። ልጃቸው ጠዋት የስኳር መርፌያቸውን ተወግተው ስግደት ላይ እንደወደቁ፣ መንፈስ ነው ተብሎ ጠበል ሲረጭባቸው እንደቆየ ነገረኝ። ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን ለካሁ፤ እጅግ ወርዷል። ወዲያው በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጠኋቸው።

ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና፣ "ጾሜን አስገደፋችሁኝ?" አሉ።

ንዴቴ ገነፈለ። "እማማ፣ የስኳር መርፌ ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል እንዴ? ማን ነው እንዲህ ያድርጉ ያለዎት?"

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና የታጠፈች የቀጠሮ ካርድ ሰጡኝ። "ጠዋት ጠዋት ሳያስታጉሉ ይወጉ" ትላለች። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

"አንድ ቀን አላስታጎልኩም፣ ልጄ" አሉኝ፣ እንዳልቆጣቸው እየለመኑ።

ያን ካርድ ስጽፍ ይጾሙ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እዚያው አጠገባቸው ቆሜ የምጮኸው እኔም እኮ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስልኝ እህል ሳልቀምስ እየጠበቅኩ ነበር።