መንቀጥቀጥ በእቅድ

አሰብ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያስረከቡኝ መሣሪያ ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮና አንዲት ቀጭን መርፌ ነበር። መሬት ስትነቃነቅ መርፌዋ ወረቀቱን ትጭራለች። ያሠለጠኑኝ የአሰብ ተወላጁ ጋሽ ሰይድ፣ "አጠገቧ አትዝለል፤ አንተንም ትመዘግብሃለች" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወደ ወደቡ የሚሄድ ካሚዮን ባለፈ ቁጥር መርፌዋ ትደንስ ነበር፤ የካሚዮኑን ጭረት ከመሬቱ ለይቶ መጣል የመጀመሪያ ትምህርቴ ሆነ።

አንድ ቀን ካድሬው ጓድ ተፈራ ላቡን እየጠረገ ከተፍ አለ። የየመሥሪያ ቤቱን የሩብ ዓመት እቅድ እየሰበሰበ ነው።

"ስንት መንቀጥቀጥ ታመርታላችሁ?"

"ጓድ፣ እኛ እንመዘግባለን እንጂ አናመርትም" አልኩት። "በልምድ ግን ለአንድ ትልቅ በአንድ ደረጃ የሚያንሱት ዐሥር ያህል፣ በሁለት ደረጃ የሚያንሱት መቶ ያህል ይመጣሉ።"

"በቃ፣ ጻፋ! ትንሽ መቶ፣ መካከለኛ ዐሥር፣ ትልቅ አንድ።"

"ይሄ እኮ የረጅም ዘመን አማካይ ነው። በሦስት ወር ላይመጣ ይችላል።"

"ካልመጣ አሻጥር ነው። ተጠያቂው አንተ ነህ!"

ጉድ ፈላ! በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ እናውቃለን። ፈራሁ። ትልቁ ቢመጣ ቤት ይፈርሳል፤ ባይመጣ እኔ እፈርሳለሁ።

ጋሽ ሰይድ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጓድ ተፈራ፣ በመቶኛ ብናደርገውስ? የመጣውን ሁሉ መቶ በመቶ እንመዘግባለን ብለን እንጻፍ።"

"ያልመጣውስ?"

"ያልመጣውንም መቶ በመቶ አንመዘግብም።"

መቶ በመቶ የሚለውን ሲሰማ የካድሬው ፊት በራ። ፈረመልን።

ሩብ ዓመቱ አለቀ፤ ትልቁ አልመጣም። በግምገማው ስብሰባ ግን ተጨበጨበልን። እፎይ ከማለቴ ጓድ ተፈራ ብድግ ብሎ፣ "በሚቀጥለው መቶ ዐሥር በመቶ!" አለ።

"ጋሽ ሰይድ፣ አለቀልኝ!" አልኩ ስንወጣ። "ከመጣው በላይ ከየት አመጣለሁ?"

"ወላሂ፣ አንተ ልጅ በከንቱ ትሞታለህ" አሉና ወደ መንገዱ ጠቆሙኝ። "እነዚያን ካሚዮኖች እስከ ዛሬ እየጣልናቸው አይደል? በሪፖርቱ ላይ ለብቻቸው ዓምድ ስጣቸው።"

ሰጠኋቸው። በዓምዱ አናት ላይ "ካሚዮን" ብዬ በጉልህ ጻፍኩ። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ጓድ ተፈራ ድምሩን ብቻ አንብቦ እጄን ጨበጠኝ። እቅዱ ከመቶ ዐሥርም አልፎ ነበር፤ የወደቡን ሹፌሮች እግዜር ይስጣቸው።

እናንተ አሁን መርፌዋን የምትጠብቁ ይህን እወቁ። ትንሹ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ መካከለኛው አልፎ አልፎ፣ ትልቁ ከስንት አንዴ። በስንት ዘመን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይገመታል፤ ቀኑ አይታወቅም። ካሚዮን ግን በየቀኑ ይመጣል።