የሮማው ንጉሥ ጉንጭ

ባለቤቴ የሰሜን ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ወልቂጤ ታሪክ ያስተምር ነበር። አባቱ ሲያርሱ ያገኟት አንዲት የነሐስ ሳንቲም ነበረችው። "የሮማ ንጉሠ ነገሥት ነው" ይለኛል፣ በዕንቁ የታሰረውን ራስ እያሳየ። በጀርባዋ ወታደር ከፈረሱ የወደቀ ጠላቱን በጦር ይወጋል። "ግዛታቸው ሲናጋ ሳንቲሙ እያነሰ፣ የንጉሡ ዓይን ግን እየተለቀ ሄደ። በየሰዉ ኪስ ገብቶ 'አለሁ፣ አትፍሩ' እንዲል ነው።"

"ወይ ጉድ! ሻይ እንኳ ለማይገዛ ሳንቲም ይሄ ሁሉ ወሬ!" እያልኩ እስቅበት ነበር።

አባቱ ለልጃቸው እስኪሰጧት ድረስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪሳቸው ውስጥ ሲያሻሿት ኖረዋል። ከአረንጓዴው ዝገት መሃል፣ ንጉሡ ጉንጭ ላይ፣ ጣታቸው የሠራው ልሙጥ ጎድጓዳ ነበር። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ሞቱ፤ መርዶው የደረሰን ከተቀበሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሲከፋው አውራ ጣቱን እዚያች ቦታ ላይ ያሳርፋል። ያኔ አላናግረውም።

እናቴ ለመስቀል ከአታት መጣች። በእኛ በጉራጌ አገር መስቀል ሲደርስ ግድግዳው ይለቀለቃል፣ የክትፎው ጣባ ይታጠባል፣ ያልተፈተገ ዕቃ አይቀርም። እማዬ ደግሞ አንዴ ከጀመረች የሚያስቆማት የለም። ቅቤ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሳንቲሟ መደርደሪያው ላይ ታብረቀርቃለች። በሎሚና በአመድ ፈትጋታለች።

"ዝገቱ መርዝ ነው፤ ልጅ ቢልሰውስ?" አለችኝ።

ለካ መልኩ ያለው ዝገቱ ላይ ኖሯል! ንጉሡም፣ ወታደሩም፣ ጎድጓዳውም የሉም። "ምን አደረግሽ እማዬ!" ብዬ ጮህኩባት። ግራ ገብቷት ታየኛለች።

ባለቤቴ ሲገባ እናቴን ያስቀይምብኛል ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ቀድማ በሁለት እጇ አቀረበችለት። "አበራሁልህ ልጄ፣ የአባትህን።"

አገላብጦ አያት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ" ብሎ ጎንበስ አለና ወደ ጓዳ ገባ። ተከተልኩት። አውራ ጣቱ የለመደውን ቦታ ይፈልጋል።

"ንጉሡስ ይሁን" አለኝ፤ "መልኩ በስንት ሺህ ነሐስ ላይ ተመትቷል። የአባቴ ጣት ግን እዚህ ብቻ ነበረች።" አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

የመስቀል ዕለት ክትፎው ቀርቦ፣ ጎረቤት ሞልቶ፣ ባለቤቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ በቆጮ ጠቅልሎ ዘረጋላት። "በሞቴ፣ እማማ" አላት። እማዬ ግን ሎሚ የሚሸት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ አፏን ሳትከፍትለት ቀረች።