ያሳበቀብን ንባብ

በቀራንዮ መድኃኔዓለም በኩል ሳልፍ ከቅጥሩ ውስጥ የተማሪ ንባብ ከሰማሁ እስከ ዛሬ አልቆምም። ሌላው ሰው ቆሞ ያዳምጣል፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ለምን ብትለኝ፣ ልጄ፣ እኔ በንባብ ሰው ያስበላሁ ነኝ።

ጣልያን ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ኮልፌ ገና እርሻና ባሕር ዛፍ ነበረች። አባቴ ጫካ ገብቷል። የሰፈሩን ልጆች ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ደግሞ ለአርበኞች ደብዳቤ ይጽፋሉ ተብለው ስለሚፈለጉ፣ እኛ ጓዳ ከጎታው ጀርባ ተሸሽገው ነበር። ቀኑ አልገፋ ሲላቸው እኔን የዮሐንስን ወንጌል ማስተማር ያዙ።

"ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል፣ የኔታ?" ትላለች እናቴ እየሳቀች።

"አንቺ እህልሽን ጠብቂ" ይሏታል።

በስንደዶ ፊደሉን እየነኩ በሹክሹክታ ያስነብቡኛል። ግዕዙን እንደ ውሃ ጠጣሁት፤ ትርጉሙን ግን አላውቅም። ኢየሱስ ለእኔ የሩቅ አገር ንጉሥ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሰፈሩ ውሾች ጮኸው ጮኸው ድንገት ዝም አሉ። በአጥሩ ቀዳዳ ሁለት የጣልያን ወታደሮች አየሁ፤ አንደኛው የጋዝ ቆርቆሮ አንጠልጥሏል። ሽታው ቤት ድረስ ገባ። መንገድ መሪ ሆኖ የመጣው ባንዳቸው ብቻውን ገብቶ እናቴን እጅ ነስቶ ተቀመጠ። ትሕትናው ከጠመንጃው ይልቅ አስፈራኝ።

ዓይኑ ጭኔ ላይ ያለው መጽሐፍ ላይ አረፈ። "ታነቢያለሽ እንዴ?"

እናቴ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ማንም አመስግኖኝ የማያውቅ ልጅ ነበርኩ፤ ኩራቴ አላስችል አለኝና ጀመርኩ። የደረስኩት ጌታ በአትክልቱ ስፍራ ከሚያዝበት ነበር። ሳነብ የባንዳው ከንፈር አብሮኝ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ማነው ያስተማረሽ?"

"ራሴ ነኝ።"

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። "እዚህ ላይ ትንፋሽ የሚሰበስቡ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እኔንም እየገረፉ ያስተማሩኝ እንዲሁ ነው።" ወደ እናቴ ዞረ። "ያውጧቸው፣ እመት። ያለዚያ ቤቱ ከነልጅዎ ይነዳል።"

ምላስ አጥንት የለውም አጥንት ይሰብራል የሚሉት ያን ቀን ገባኝ። እናቴ ወደ ጉያዋ ሳበችኝ። ከጓዳ ሳል ተሰማና የኔታ የጎታውን አቧራ እንደለበሱ ወጡ።

"የምትፈልጉት እኔን ነው፤ እነዚህን ተዉአቸው" አሉ፤ ወደ እኔም እያዩ ያንኑ በግዕዝ ደገሙት።

ይኸው ነበር አሁን በግዕዝ ያነበብኩት! ጌታ ሊይዙት ለመጡት ያለው ይኼን ኖሯል? ለካ እንዲህ ያለ ነው፣ ራሱን ሰጥቶ ሌላውን የሚያስጥል። ምን አለፋህ፣ ኢየሱስን ያወቅኩት፣ የወደድኩትም፣ በዚያ በጋዝ ሽታ መሀል እያለቀስኩ ነው።

ባንዳው ተንበርክኮ የመምህሩን ጉልበት ሳመ። ከዚያ ተነስቶ እጃቸውን አሰረ።

የኔታ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። እንደማይመለሱ ያውቃሉ፤ እኔም አውቄያለሁ። ይማሩኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን መጽሐፉን አይተው፣ "ገጹን እንዳታጥፊው፤ ነገ ከዚሁ እንቀጥላለን" አሉኝ።

በማግስቱ አጎዛቸውን ከጎታው ጀርባ አንጥፌ፣ መጽሐፉን እዚያው ገጽ ላይ ገልጬ፣ እስኪመሽ ጠበቅኳቸው።