በግ የታረደለት ውጤት

አባቴ ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤቴ በግ አርዷል። በዴንቨርና በኦሮራ ለዚህ ፈተና በግ የታረደለት ሌላ ተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጊዜው በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ በኮሎራዶ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ፣ ሰነፍ ሆነ ጎበዝ፣ ፈተናውን በየትምህርት ቤቱ ተቀምጦ ይወስድ ነበር። እኔም እንደ ሰው ተቀምጬ ከሠላሳ ስድስት ሃያ ሰባት አመጣሁ። አባቴ ደግሞ የሚያውቀው ፈተና አንድ ብቻ ነው፤ ማትሪክ። የማትሪክ ውጤት ይለጠፋል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ በቃ፣ አለቀ።

ስለዚህ ከከተማ ውጪ ካለ እርሻ በግ ገዛ። ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ያለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤታችን በሰው ጢም አለች። እዚያው ሕንፃ ላይ የሚኖሩት፣ ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው ሐጂ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከታች ያለችው ሜክሲኳዊት ጎረቤታችን ሠርግ መስሏት አበባ ይዛ መጣች። "ይሄ ፈተና እኮ..." ብዬ ልጀምር ስል እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት የትምህርት ቤታችን አማካሪ ቢሮዋ አስጠራችኝ። የምመኘው ኮሌጅ ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ማመልከቻዬን ቀደም ብዬ ባስገባና ሃያ ዘጠኝ ባመጣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጠኛል። "ሁለት ነጥብ ብቻ!" አለችኝ ሁለት ጣቷን አፍንጫዬ ሥር ደቅና። "የኦክቶበሩን ፈተና ከወሰድሽ ይደርስልሻል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይደርስም።" ስኮላርሺፑ ከሌለ ያ ኮሌጅ የለም። ቤቴ ሆኜ በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ዳውንታውን ወዳለው ኮሌጅ መመላለስ ነው የሚጠብቀኝ።

ማታ ራት ላይ ነገሩን አነሳሁት።

"ወደቅሽ እንዴ?" አለ አባቴ።

"አልወደቅኩም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትደግሚው?"

"ሁሉም ሰው ሪቴክ ያደርጋል፣ አባዬ። እዚህ ኖርማል ነው።"

"ሁሉም ሰው ያድርግ። የሁሉም ሰው በግ አልተበላም። አሁን ልጄ ልትደግም ነው ብዬ ልንገራቸው?"

እሱ ባደገበት ሰፈር ፈተና የደገመ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ በሱቅ በኩል ማለፍ እንኳ ያፍራል። እኔ ምን ገዶኝ! ቶሎ ነው የምቆጣው፣ ያኔማ ይብስብኝ ነበር። ሳህኔን ትቼ ተነሳሁና ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ቀስ ብዬ ግን፤ በር ማላተም በእኛ ቤት አይታሰብም።

ለአሥር ቀን ያህል አኮረፍኩ። ምዝገባው ሊዘጋ እየተቃረበ ነበር። ለጓደኞቼ "አባቴ እኮ ከለከለኝ!" እያልኩ አዛኝ ሰበሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ውስጥ ውስጡን እምቢታው ተመችቶኝ ነበር። ሃያ ሰባቱን ያመጣሁት ሳላስበው ነው። ሁለተኛ ተቀምጬ ሃያ አራት ባመጣስ? ከዚያ ይልቅ በአባቴ አሳብቤ መቀመጥ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ጉዳዩን ሐጂ ዘንድ አቀረበው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሰዎች በታክሲ ሽርክና ሲጋጩ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። የኮሌጅ ፈተና ጉዳይ ሲቀርብላቸው ግን የመጀመሪያቸው መሆን አለበት። አባቴ እንደሚፈርዱለት እርግጠኛ ስለነበር ሸሚዝ ቀይሮ ነው የሄደው። እኔን ሶፋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ከድግሱ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር አስረዳቸው።

ሐጂ ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙትና ወደ እኔ ዞሩ። "ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ፣ ኮሌጁ የትኛውን ይይዛል?"

"ትልቁን ነው የሚይዙት፣ ሐጂ።"

"ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል?" አሉ አባቴን እያዩ። "በጉን እንደሆነ በልተነዋል፤ አሁን መልሱ የሚለን የለም።"

አባቴ ምንጣፉን አየ። አሸነፍኩ ብዬ ፈገግ ልል ስል እንደገና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ? መፈተን ትፈልጊያለሽ ወይስ አባትሽ እምቢ እንዲልልሽ ነው የፈለግሽው?"

ፊቴ እሳት ሆነ። ማን ነገራቸው? ለማንም ትንፍሽ አላልኩም እኮ።

"እፈራለሁ" አልኩ።

"እየፈራሽ ተመዝገቢያ!" አሉና ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱ። ችሎቱ በዚሁ ተበተነ።

ያን ዓመት ረመዳን ኦክቶበር ላይ ዋለ፤ ስለዚህ ጾሜን ይዤ ነው የተፈተንኩት። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት በታክሲው አደረሰኝ። በእረፍት ሰዓት ሁሉም ቦርሳውን ከፈተ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሙዝ ላጠ። ሙዝ እንደዚያ እንደሚሸት እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ተመልሰን ስንገባ ሆዴ ያጉረመርም ጀመር፤ ፈታኟ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም የኋላዬን ልጅ ዞሬ አየሁት። ስወጣ አባቴ ፓርኪንጉ ላይ እዚያው ቆሟል። የኤርፖርት ሥራውን ትቶ ሲጠብቀኝ ነው የዋለው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱን በትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ አየሁት። ሒሳቡ በሁለት ወጥቷል፣ እንግሊዝኛው በሁለት ወርዷል። ጠቅላላው ሃያ ሰባት። ገጹን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ሃያ ሰባት። ፕሪንት አድርጌ ወጣሁ።

አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ ነበር። ገና መንቀሳቀስ ስንጀምር ወረቀቱን ሰጠሁትና ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ኮሌጁ ቀረ ማለት ነው። "ልክ ነበርክ፣ አባዬ" አልኩት። "ባልሞክረው ይሻለኝ ነበር።"

አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ስለ ራሱ ትምህርት አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም።

"ማትሪክ ስፈተን አንድ ነጥብ ጎደለኝ" አለ። "በዓመቱ በግል እንድፈተን አባቴ ፎርም ሞላልኝ፤ ፎቶም ተነሳሁ። በቀኑ ሄድኩ። በሩ ላይ የታናሽ ወንድሜ ጓደኞች ተሰልፈው አየሁና ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ተፈትኛለሁ አልኳቸው። ውጤት ሲወጣ ደግሞ ወደቅኩ አልኳቸው።"

ለቅሶዬ ቆመ። ወረቀቱን አጥፎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

"አንቺ ብትደግሚ የምታመጪውን አሁን አወቅሽው" አለኝ። "እኔ የእኔን እስከ ዛሬ አላውቀውም።"