ሁለት ምድጃ ለአንድ ጣሪያ

እልኸኛ ነኝ፤ እናቴ ከማንም በፊት ትመሰክራለች። መካነ ሰላም ያደግንበት ሰፈር ሊፈርስ ነው ሲባል ጎረቤቱ ሲያለቅስ እኔ ሜትርና እርሳስ ፍለጋ ገባሁ። መንገዱ ሊሰፋ ነበር። ምርጫው ሁለት ነው ተባልን፦ ተደራጅታችሁ እዚያው በጋራ ፎቅ ከሠራችሁ ትቀራላችሁ፤ ካልተስማማችሁ ለየብቻችሁ በከተማው ዳር ዳር ቦታ ይሰጣችኋል። ፊርማው ክረምት ሳይገባ ማለቅ ነበረበት።

ለእኔ ነገሩ የሁለት ሴቶች ጉዳይ ነበር። አንዷ እናቴ ናት፤ መሪጌታው አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ሌላዋ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ እቴቴ እላቸዋለሁ። የእሳቸውም ባል ሞተዋል፤ ልጃቸው ጅዳ ሠራተኛ ናት። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ጠዋት ጠዋት ከቤት የሚያስወጣት በአጥሩ ቀዳዳ የሚመጣው የእቴቴ «አደርሽ ወይ?» ነው። ሁለቱን ለየብቻ የከተማው ጫፍ ላይ ቢጥሏቸው ዓመት የሚዘልቁ አይመስለኝም ነበር።

ደሴ የሕንፃ ንድፍ ተምሬያለሁና ንድፉን እኔ ልሥራ አልኩ። ግድግዳው ከቦታው አፈር በሚመታ ብሎኬት፣ በሮቹ ለነፋሱ ጀርባ ሰጥተው ወደ ፀሐይ፣ የጣሪያው ውሃ ወደ አንድ ማጠራቀሚያ። ከሁሉም የኮራሁት ግን በወጥ ቤቱ ነው። ለሁሉም አባወራ አንድ ትልቅ ወጥ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ የጭስ መውጫ አደረግሁ። እንጨት ይቆጥባል፣ ሰውም ያቀራርባል ብዬ።

ወረቀቱን የቅሬው ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም በሐዘንና በደስታ የሚረዳዳበት ማኅበራችን ነው። «ማሻአላህ!» አሉ። «እግዜር ዕድሜ ይስጥሽ» አሉ። ጭብጨባም ነበር። መፈረሚያው ሲዞር ግን አንዱ መነጽሩን ረስቷል፤ ሌላው ውጭ አገር ያለ ልጁን ሳያማክር አይሆንለትም፤ አንዷን ድንገት ራሷን አመማት። እናቴና እቴቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እነሱም አልፈረሙም።

ደሜ ፈላ። ቤት እንደገባን እናቴን ያዝኳት።

«ምን ጎደለው?»

«ምንም። ያማረ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልፈረምሽም?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ምድጃውን አንድ አደረግሽው። የኛና የነሱ ሥጋ ባንድ ምድጃ እንዴት ይሆናል? እንዳልናገር ደግሞ ተጸየፈችኝ ትለኛለች። ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን!»

በአጥሩ ሾልኬ እቴቴ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። «ወላሂ ልናገር ብዬ ነበር። ኸዛ እናትሽን አየኋትና ተውኩት። ጠላችኝ ብትልስ?»

እዚያው አጥር ሥር ተቀመጥኩ። በራሴ አፈርኩ። እኅቴ ስትዳር ሁለት ዳስ ነበር የተጣለው። አባቴ ለእስላም ጎረቤቶቹ በግ ከነነፍሱ ይሰጥ ነበር፤ እነሱ ራሳቸው አርደው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፤ ሲበላ ሁለት ቦታ፣ ሲጨፈር አንድ ላይ ነው። ለኢድ ደግሞ የእኛ በግ በእቴቴ ባል እጅ እየተጎተተ ይመጣ ነበር። ይህን እያየሁ አድጌ አንድ ምድጃ ሣልኩ! እናቴ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የምትለው ለእኔ ነው።

አዲሱን ለመሣል ሦስት ቀን አልፈጀብኝም። ሁለት ወጥ ቤት ጀርባ ለጀርባ፣ መሃላቸው ግድግዳ፣ የጭስ መውጫው ግን አንድ። ከባዱ ሌላ ነበር። «ምድጃው ይለይ» የሚል አፍ ማን ያውጣ? እስላሙ ቢናገር ክርስቲያኑን ገፋ ይባላል፣ ክርስቲያኑም ቢናገር እንዲሁ። ሁሉም ጎረቤቱን ላለማስከፋት ሲል ጎረቤቱን ሊያጣ ነው። እንግዲያው ነውሩን እኔ ልሸከመው አልኩ።

ቅሬው በተሰበሰበ ጊዜ ተነሣሁ።

«ምድጃው እንዲለይ የምፈልገው እኔ ነኝ» አልኩ። «ማንም አልጠየቀኝም። የሚከፋው ካለ እኔን ይቀየም።»

እቴቴ ምርኩዛቸውን ወደ ንድፉ ዘረጉ።

«ይቺ ግድግዳ ድፍን ናት?»

«አዎ እቴቴ፣ ድፍን ናት።»

«መስኮት አውጭባት። ሥጋው ይለይ፤ ወሬው ምን አጠፋ? እሳቴ የጠፋ ለትስ ኸማን ልጫር?»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። መነጽሩን የረሳውም ሰውዬ ከኪሱ አገኘው። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ከሁሉም ቀድማ አተመች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ክረምቱ ሲወጣ ግንባታው ከቤቶቻችን ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ተጀመረ። የድሮ ቤቶቻችን ለጊዜው ከኋላ ቆመዋል፤ አጥሩ ግን ለአሸዋ መኪና ሲባል ተነሥቷል። ግንበኛው የክፍሎቹን መስመር መሬት ላይ በኖራ አሠመረ። በማግስቱ ጠዋት ስደርስ እናቴ ሁለቱን ወጥ ቤቶች ከሚለየው የኖራ መስመር ወዲህ፣ እቴቴ ወዲያ ቆመዋል። አንዳቸውም መስመሩን አልረገጡም።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አልኳቸው።

«መስኮቱ ኸዚህ ጋ አይደል?» አሉኝ እቴቴ፣ ወደ እናቴም ዞረው፦ «አደርሽ ወይ?»